ንግሥቲቱ እጅ ላይ የተገኘው ላባ

ነገሩ የተነቃው የአንድ ታሪካዊ ፊልም ቀረጻ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው ነው። ኤዲተሩ የዕለቱን ቀረጻ ሲያገጣጥም የታሪክ አማካሪው ከኋላው ቆሞ ያያል። ትዕይንቱ የግብፅ ንግሥት ክሊዮፓትራ ትዕዛዝ ስታጸድቅ የሚያሳይ ነው፤ ዘመኑ 33 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት። ካሜራው ከፊቷ ወደ እጇ ይወርዳል። እጇ ነጭ የወፍ ላባ ይዟል። ላባውን ቀለም ነክራ፣ ዳር ዳሩ በእሳት የተለበለበ ቡናማ ወረቀት ላይ ስሟን በሂሮግሊፍ፣ በጥንታዊው የግብፅ የሥዕል ጽሕፈት፣ ትጽፋለች። አንድ አገልጋይ ቀይ ሰም አቅልጦ ያፈስላታል፤ ታትማለች።

ላባው፣ ወረቀቱ፣ ጽሕፈቱ፣ ፊርማው፣ ሰሙ። አምስቱም ስሕተት ናቸው፣ አሥራ አንድ ሰከንድ ባልሞላ ሾት ውስጥ።

የሚያናድደው ከአንገቷ በላይ ያለው ሁሉ ልክ መሆኑ ነው። የአልባሳት ክፍሉ ተመልካች የለመደውን የወርቅ እባብ ያለበት ዘውድ ትቶ በራሷ ዘመን የተመታውን ሳንቲም ተከትሎ ነበር። ጸጉሯ እንደ ሐብሐብ ጀርባ በመስመር በመስመር ተከፍሎ ማጅራቷ ላይ ተጠቅልሏል፤ ግንባሯን የዞረው ጥብጣብ ከኋላ ታስሮ ሁለት ጫፉ ይንጠለጠላል። ይህ ጥብጣብ ከታላቁ እስክንድር ወዲህ የመቄዶንያ ነገሥታት ምልክት ነው፤ ክሊዮፓትራም የዚያ ዘር ናት። እርግጥ ግብፅ ውስጥ ባለው የዴንደራ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ እንደ ጥንት ግብፃውያን ንግሥታት ለብሳ ተቀርጻለች። ሁለቱም እሷ ናት። ካህናት ፊት የሚያቆማት ትዕይንት ከዴንደራ መቅዳት ይችላል፤ ቢሮ ውስጥ ደብዳቤ የምታጸድቅበት ግን ከሳንቲሙ ነው መቅዳት ያለበት። አልባሳት ክፍሉ ይህን ለይቶ መሥራቱ የሚደነቅ ነው።

ታዲያ እጇ እንዴት ተሳተ? የስክሪፕቱ መስመር አጭር ናት፦ «ንግሥቲቱ ትፈርማለች።» ስክሪፕቱን ለየክፍሉ የሚበትነው ባለሙያ ይህችን መስመር ሲያገኝ ፕሮፕስ (ትዕይንቱ ውስጥ የሚያገለግሉ ዕቃዎች) ዝርዝሩ ላይ «ብዕር፣ ወረቀት፣ ማኅተም» ብሎ አሰፈረ። የፕሮፕስ ኃላፊውም መጋዘን ሄዶ «ጥንታዊ» የሚል ከተጻፈበት ሣጥን ያገኘውን አነሣ፤ ሣጥኑ የተሞላው ስለ አውሮፓ ነገሥታት ለተሠራ ሌላ ፊልም በተገዛ ዕቃ ነበር። የአማካሪው ማስታወሻ ለአልባሳት፣ ለሜካፕና ለመድረክ ግንባታ ደርሷል። ፕሮፕስ ዝርዝሩን ለአማካሪው ያሳየ ግን አልነበረም። ስንፍና ልለው አልችልም፤ የወረቀቱ መንገድ ራሱ እዚያ ጋ ተቆርጧል።

ፕሮዲዩሰሩ የመጀመሪያ ጥያቄው የሚጠበቀው ነበር፦ «ማን ያስተውለዋል?» አማካሪው ስለ ላባው ብዙም አልተከራከረም። ላባ ለመጻፊያነት የሚታወቀው ክሊዮፓትራ ከሞተች ከ500 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ ይህን የሚያውቅ ተመልካች ጥቂት ነው። የሂሮግሊፉ ግን ይከብዳል። የቶለሚዎች፣ የክሊዮፓትራ ቤተሰብ፣ ቤተ መንግሥት ሥራውን የሚሠራው በግሪክኛ ነበር። ከቤተሰቡ ግብፅኛ ለመማር የመጀመሪያዋ ክሊዮፓትራ መሆኗን የጻፈልን ጥንታዊው የግሪክ ጸሐፊ ፕሉታርክ ነው፤ እሱም እንደ ልዩ ነገር ነው የጠቀሰው። የመንግሥት ደብዳቤ በሂሮግሊፍ ስትፈርም ማሳየት አገሪቱ እንዴት ትገዛ እንደነበር የተሳሳተ ታሪክ መንገር ነው።

ከዚያ አማካሪው በርሊን ያለውን ፓፒረስ፣ ከደንገል ተክል በተሠራ መጻፊያ ላይ የሰፈረውን ጽሑፍ፣ አነሣ። የየካቲት 33 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ሰነድ ነው፤ የተገኘውም የሬሳ መሸፈኛ ለመሥራት ከተጣበቁ አሮጌ የፓፒረስ ቅጠሎች መካከል ነው። አንድ ሮማዊ ባለሥልጣን በየዓመቱ 10,000 አርታባ (የግብፅ የእህል መስፈሪያ) ስንዴ ያለ ቀረጥ እንዲያወጣና 5,000 እንስራ የግሪኳ የቆስ ደሴት ወይን ጠጅ እንዲያስገባ ይፈቅዳል። ጽሑፉ የጸሐፊ እጅ ነው። ከሥሩ በሌላ እጅ አንዲት ቃል አለች፦ ጊኔስቶይ፣ «ይፈጸም»። ቃሏን ክሊዮፓትራ ራሷ ጽፋታለች የሚሉ ምሁራን አሉ፤ የሚጠራጠሩም አሉ። ለፊልም ግን ክርክሩ አያስቸግርም። ስም የለም፣ ጌጥ የለም፣ ስምንት የግሪክ ፊደላት ብቻ። ዳይሬክተሩ ይህን ሲሰማ ትዕይንቱ እንዲደገም ለመፍቀድ ጊዜ አልፈጀበትም፤ ከፊርማው ይልቅ «ይፈጸም» የሚለው ቃል ለሱ የተሻለ ድራማ ነበር።

የተደገመው የእጁ ክሎዝ አፕ ብቻ ነው። የተዋናይቷ እጅ አላስፈለገም፤ የጣት ቀለበቱና የመብራቱ አቅጣጫ ከቀድሞው ፎቶ ጋር ከተመሳሰለ የሌላ ሰው እጅ ይበቃል። ችግሩ ዕቃው ላይ ነበር። መጀመሪያ የመጣው «ፓፒረስ» ለቱሪስት ከሚሸጠው፣ ከሙዝ ቅጠል ከተሠራው ዓይነት ሆኖ ተገኘ፤ ሲጠቀለል ተሰነጠቀ። እውነተኛው ብርሃን ላይ ሲያዝ አግድምና ቁልቁል የተነባበሩት ክሮች ይታያሉ፣ ረጠብ ሲደረግም ሳይሰበር ይታጠፋል። የፓፒረሱ መልክም ቡናማ መሆን የለበትም። ዛሬ ሙዚየም ውስጥ ቡናማ ሆኖ የምናየው ሁለት ሺህ ዓመት ስላለፈበት ነው፤ ንግሥቲቱ ፊት የቀረበው ትናንት የተሠራ፣ ነጣ ያለ ቢጫ ነበር። አዲስ ነገርን ማስረጀት የፕሮፕስ ሠራተኞች የማይለቅ አመል ነው፣ ዳሩን መለብለብ ደግሞ ምን ተብሎ እንደተጀመረ እግዜር ይወቀው።

ብርዑ ከመቃ ተቀረጸ፤ አፉ በሰያፍ ተቆርጦ መሐሉ ተሰነጠቀ። የመጻፊያው ቀለም ጥንታዊው የግሪክ ሐኪም ዲዮስኮሪደስ በጻፈው ልክ ተበጠበጠ፦ በሚዛን ሦስት እጅ ጥላሸት፣ አንድ እጅ የግራር ሙጫ። ሙጫው ሌሊቱን ውኃ ውስጥ አድሮ ነው ጥላሸቱ የሚገባበት። የመጀመሪያው ብጥብጥ ሙጫ በዝቶበት መብራት ሲያርፍበት አንጸባረቀ፤ ፊደሉ ካሜራው ላይ ነጭ ሆኖ ወጣ። ሙጫ ሲያንስ ደግሞ ቀለሙ ሲደርቅ በጣት ይለቃል። ሁለተኛው ሚዛኑን ጠብቆ ተሠራና ደህና ሆነ።

ስምንት ቅጠል ተዘጋጀ፣ አንዱ ቀረጻ አንድ ቅጠል ይበላልና። በሁሉም ላይ ዋናው ጽሑፍ አስቀድሞ ተጽፎ የመጨረሻዋ ቃል ቦታ ክፍት ተተወ። ሁለቱ ገና ካሜራ ሳይነካቸው ተበላሹ፤ ጽሑፉ ክሮቹ ቁልቁል በሚወርዱበት ገጽ ላይ ስለተጻፈ ብርዑ እየተያዘ ቀለም ረጨ። አግድም ክር ያለው ገጽ ወደ ላይ መሆን አለበት። ሰሙ ወጥቶ በቦታው እርጥብ ጭቃ ገባ፤ ጥቅሉ በክር ታስሮ ቋጠሮው ላይ ሳንቲም የምታህል ጭቃ ትለጠፍና ቀለበቱ ይጫንባታል። ጭቃው ከለሰለሰ ቀለበቱን ይዞ ይነሣል፣ ከደረቀ ምስሉ አይወጣበትም፤ ስለዚህ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይቆይ ነበር።

የተመረጠው ሦስተኛው ቀረጻ ነው። ስድስተኛው ፊደል ላይ ብርዑ ቀለም ጨረሰ፤ እጁ ሳይጣደፍ ወደ ቀለሙ ተመልሶ ነክሮ ቀጠለ። በስክሪፕቱ ያልነበረ ነው፣ ዳይሬክተሩ ግን አስቀረው።

በሰፊው ሾት ላይ ያለው ላባ ግን ሳይስተካከል ቀረ። መድረኩ ፈርሶ ስለነበር ያንን መድገም አልተቻለም፤ ኤዲተሩ ፍሬሙን በ8 በመቶ አጥብቦ ላባው የሚታይበትን የጠረጴዛውን ጥግ ከምስሉ አስወጣው። ከዚያ በኋላ በዚያ ፕሮዳክሽን የፕሮፕስ ዝርዝር ላይ «በእጅ የሚነካ» የሚል አንድ አምድ ተጨመረ፤ ተዋናይ እጅ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ሁሉ የአማካሪው ምልክት ሳይኖርበት ከመጋዘን አይወጣም።