በራስ መኪና ከባህር ዳር በሞያሌ ወደ ኬንያ፦ ወረቀቱ፣ መብራቱና የግራ መንገዱ

ከባህር ዳር ተነስቶ በራሱ መኪና ጎረቤት አገር መዝናናት ለሚፈልግ ቅርቡ በር መተማ ነበር። ሱዳን ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት ውስጥ ስለሆነች ያ መንገድ አይታሰብም። ለእረፍት የሚሆነው ሞያሌ ነው። እስከ ናይሮቢ ድረስ በአንድ አቅጣጫ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የኬንያው ክፍል አሁን አስፋልት ነው። እኔም የሄድኩት በዚያው ነው። ከሁሉ በላይ እንዲያዝልኝ የምፈልገው ሰውና መኪና ድንበር የሚሻገሩት ለየብቻ መሆኑን ነው። ሰው በፓስፖርቱ ያልፋል፤ መኪና የራሷ መውጫና የራሷ መግቢያ አላት። በእኛ በኩል ያለው የእሷ ወረቀት ደግሞ ተዘጋጅቶ የሚጠናቀቀው ባህር ዳር እንጂ ሞያሌ ላይ አይደለም።

መጀመሪያ ሊብሬውን ይዛችሁ ኮፈኑን ክፈቱ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ፊደል በፊደል አመሳክሩ። ሞተር ተቀይሮላት ሊብሬው ላይ ያልተስተካከለች መኪና ከተማ ውስጥ ያለ ችግር ትነዳ ይሆናል፤ ጉምሩክ ፊት ግን ያቺ መኪና ሌላ መኪና ናት። ማስተካከያው ጊዜ ስለሚወስድ ከጉዞው ብዙ ቀደም ብሎ መታየት አለበት። መኪናዋ በሌላ ሰው ስም ከሆነች ተራ ውክልና አይበቃም፤ «ከአገር ይዞ እንዲወጣና እንዲመልስ» የሚል ቃል በግልጽ ይጻፍበት። በባንክ ብድር የተያዘች ከሆነች የባንኩ የፈቃድ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ከቀረጥ ነፃ የገባች መኪና ደግሞ ጉምሩክ ሳይፈቅድ ከቤት አትነሳም።

ቀጥሎ ትርጉም ነው። ሊብሬው፣ ውክልናውና የመድን ወረቀቱ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉመው በሰነዶች ማረጋገጫ ይረጋገጡ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው የዘመን አቆጣጠራችንን ነው። 2018 የሚል ቦሎ የኬንያ ትራፊክ ፖሊስ ሲያየው ከዓመታት በፊት ጊዜው ያለፈበት ነው። ስለዚህ ተርጓሚው ቀኑን ሁሉ ወደ ፈረንጆቹ እንዲቀይርና አጠገቡም «የኢትዮጵያ አቆጣጠር» የሚል እንዲያክል ንገሩት። የታርጋውም ነገር እንዲሁ ነው፦ የላቲን ፊደሉንና በክቡ ውስጥ ያለውን ኮድ ጨምሮ በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ይጻፍ። አንዱ ላይ ኮዱ ኖሮ ሌላው ላይ ከቀረ ጥያቄ ይነሳል።

ጉምሩክ ላይ የምትጠይቁት በጊዜያዊነት የማስወጣት ፈቃድ ነው። ዋስትና ካስፈለገ ዓይነቱንና መጠኑን ቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። የዚህ ወረቀት ጥቅሙ ስትመለሱ ነው የሚታየው፤ መኪናዋ ያው የወጣችው እንጂ አዲስ የምትገባ አለመሆኗን የሚያሳየው እሱ ነው። ዋናው በእጃችሁ፣ ቅጂው ሌላ ሻንጣ ውስጥ ይሁን።

መድን ላይ የኮሜሳ (የምሥራቅና የደቡባዊ አፍሪካ አገሮች የጋራ ገበያ) ቢጫ ካርድ አለ። በአባል አገሮች የሦስተኛ ወገንን ጉዳት ይሸፍናል፤ የምታወጡት እዚሁ ከመድን ድርጅታችሁ ነው። ኬንያ ካርዱ ላይ መጠቀሷን እዩ። የራሳችሁን መኪና ግን አይሸፍንም። ሙሉ ሽፋን ያላችሁ ሰዎች ሽፋናችሁ ከድንበር ውጭ እንዲዘልቅ ለብቻ ማስጨመር አለባችሁ፤ ይህን ሳያደርጉ ቢጫ ካርዱን ብቻ ይዞ መተማመን ትልቅ አደጋ ነው።

አሁን መብራቱ ላይ ልቆይ፤ ሌሊት ሰው የሚገድለው እሱ ነውና። አጭር መብራት ግራና ቀኙ እኩል አይደለም። በቀኝ ለሚነዳ አገር የተሠራ ከሆነ የመንገዱን ዳርና እግረኛውን እንዲያሳይ የብርሃኑ ጠርዝ በቀኝ በኩል ከፍ ይላል። ኬንያ ውስጥ በግራ ስትነዱ ያ ከፍ ያለው ብርሃን ከፊት ለፊት የሚመጣው ሾፌር ዓይን ውስጥ ይገባል። መድኃኒቱ ጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር ነው። ሲመሽ መኪናዋን ደልዳላ ቦታ ላይ ከግድግዳ 5 ሜትር ያህል አርቃችሁ አቁሙ፤ አንዱን መብራት በካርቶን ሸፍናችሁ የሌላውን ጠርዝ ተመልከቱ። ፕላስተሩን መስታወቱ ላይ እያንቀሳቀሳችሁ፣ ወደ ላይ የሚወጣው ክፍል ጠፍቶ አግድም መስመሩ ብቻ ሲቀር እዚያው ለጥፉት። ከዚያ ሌላውን። ግን ግድግዳው ላይ ሳታዩ አትለጥፉ! ከጃፓን መሪያቸው በቀኝ ሆኖ መጥተው ወደ ግራ የዞሩ ቪትዞች አሉ፤ ጃፓን የሚነዳው በግራ ነው። መሪው ዞሮ መብራቱ ካልተቀየረ ጠርዙ ከፍ የሚለው በግራ ነው፤ እንዲህ ያለችው መኪና ለኬንያ ልክ ናት፣ ሰው የምታሳውረው እኛው አገር ነው። ያም ሆኖ ከሞያሌ በኋላ ሌሊት አለመንዳት ይሻላል፤ ግመሉም ከብቱም አስፋልቱ ላይ ነው።

በግራ መንዳቱን እጅ ቶሎ ይለምደዋል፤ የሚከብደው መቅደም ነው። መሪያችሁ በግራ፣ መንገዳችሁም በግራ ስለሆነ የተቀመጣችሁት በመንገዱ ዳር በኩል ነው፤ ከፊት ያለው ከባድ መኪና ሁሉን ይጋርዳችኋል። ተጠግታችሁ አፍንጫ ማውጣት እዚህ አይሠራም፤ መኪናችሁ ግማሹ ሌላው መስመር ውስጥ ከገባ በኋላ ነው የምታዩት። ራቅ በሉ፤ ከኋላው ርቀት ሲኖር መንገዱ በቀኙ በኩል ይታያል። ቀኝ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ንቁ ይሁን፤ ቃላችሁም አስቀድሞ ይታወቅ። «ና» እና «ቆይ» ብቻ ይበቃል፤ «ይመስለኛል» ካለ አትቀድሙም። አደባባይ በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ ይዞራል፤ ቅድሚያውም በቀኝ ለሚመጣው ነው። ሰው የሚሳሳተው ብዙውን ጊዜ ከማደያ ወይም ከሆቴል ሲወጣ፣ ባዶ መንገድ ላይ ነው። ከኋላ «መሪው በግራ ነው» የሚል በእንግሊዝኛ የተጻፈ ምልክት ለጥፉ፤ ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን አንጸባራቂና የእሳት ማጥፊያም ያዙ።

መንገዱን በተመለከተ፣ መነሻ ቀን ላይ ከባህር ዳር እስከ አዲስ አበባ መንገዱ ክፍት መሆኑን ከአውቶቡስ ሾፌሮች ጠይቁ። አባይ በረሃ ላይ ከደጀን ሲወረድ ፍሬን ሳይሆን ዝቅተኛ ማርሽ ነው የሚይዘው። የጎማ ነፋስ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ይለካ፤ ቆላው ላይ በሙቀት የጨመረውን አስተንፍሳችሁ አታውጡ፣ ሲበርድ ከሚገባው በታች ይወርዳልና። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ፣ ዲላ፣ ያቤሎ፣ ሞያሌ 770 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ነዳጅ በየደረሳችሁበት ሙሉ፤ በኬንያ በኩል ከሞያሌ እስከ ማርሳቢት 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ሰፊ ባዶ አገር ነው። ስኮርታውና ክሪኩ ከሻንጣ በታች አይቀበሩ።

ሞያሌ ላይ የሁለቱ አገር ሠራተኞች በአንድ ሕንፃ የሚሠሩበት የጋራ የድንበር ጣቢያ በ2013 ዓ.ም. ተመርቋል። ጠዋት ድረሱ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል። ፓስፖርት ከተመታ በኋላ ብዙ ሰው የጨረሰ መስሎት ይሄዳል፤ የኬንያ ጉምሩክ ለመኪናዋ የሚሰጠው ጊዜያዊ ፈቃድ ገና ነው። ፈቃዱን ስትቀበሉ ከመስኮቱ ሳትርቁ ታርጋውን፣ ሻንሲውንና የሚያበቃበትን ቀን ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። የተዛባች አንዲት ቁጥር እዚያው በደቂቃ ትስተካከላለች፤ ስትመለሱ ግን ግማሽ ቀን ትበላለች።

ስትመለሱም ፈቃዱን ለኬንያ ጉምሩክ አስረክባችሁ መዘጋቱን የሚያሳይ ማኅተም ያለበት ቅጂ ተቀበሉ። ካልተዘጋ መኪናዋ በመዝገባቸው ኬንያ ውስጥ እንዳለች ትቆጠራለች፤ ከዋስትና ጋር የተያያዘ ነገር ካለ ደግሞ እሱም አይለቀቅም። በእኛ በኩል የማስወጫ ፈቃዱን ከሊብሬው ጋር አቅርቡ፤ የሻንሲ ቁጥሩ ይታያል፤ የገዛችሁትን ዕቃ ለብቻ አስመዝግቡ። ፕላስተሩንም እዚያው ሞያሌ ላይ ላጡት።