የሰው ኳስ አያደምቅ

ታናሽ ወንድሜ የቦውሊንግ ኳስ የሚወረውረው በሁለት እጁ ነው። እንደ አውስትራሊያዊው ጄሰን ቤልሞንቴ አውራ ጣቱን አያስገባም። ግራ እጁን ኳሱ ላይ ደገፍ አድርጎ ሮጥ ሮጥ ይልና አሽከርክሮ ይለቀዋል። ኳሱ ወደ ቀኝ ዳር ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ በቃ ጋተር (ዳር ላይ ያለው ቦይ) ገባ ስትሉ እጥፍ ብሎ ይመለስና ጫፍ ላይ የቆሙትን ፒኖች ይበታትናቸዋል። እኔ ደግሞ ቁመቴ ረዘም ያለ ነው፤ ክንዴንም የነርስነት ሥራ አጠንክሮታል (ታማሚ ማገላበጥ ቀላል ስፖርት እንዳይመስላችሁ)። ስወረውር ፈጣን ነኝ። ግን እጄ ብዙ አያሽከረክርም።

አምና አዲስ ኳስ ሲገዛ የድሮውን "እታለም፣ አንቺ ውሰጂው" ብሎ ሰጠኝ። ፐርል የሚባለው ዓይነት ነው፤ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። አውራ ጣት ማስገቢያ ቀዳዳ ግን የለውም። ምክንያቱ ደስ ይላል። ከነሐሴ 2020 ጀምሮ የአሜሪካ ቦውሊንግ ማኅበር ሲወረወር ጣት የማይገባበትን ቀዳዳ በሙሉ ከልክሏል። ስለዚህ አውራ ጣቱን የማይጠቀም ሰው የሊግ ኳሱ ላይ ያ ቀዳዳ እንዲኖር አይፈቀድለትም። እዚህ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ሰፈራችን ያለው ፕሮ ሾፕ (ኳስ የሚበሳው ሱቅ) የድሮዎቹን ቀዳዳዎች ደፍኖ በእኔ እጅ ልክ እንደገና በሳልኝ።

ሐሙስ ማታ ሊጋችን ላይ ወረወርኩት። ቀጥ ብሎ ሄደ። ደግሜ ወረወርኩ፤ አሁንም ቀጥ። ወንድሜ ለልምምድ የተተወውን ሰዓት ጠብቆ፣ ጣቶቹ እየጠበቡት፣ በሁለት እጁ ለቀቀው። ያው ኳስ፣ በዚያው ሌን (ኳሱ በሚሄድበት መንገድ) ላይ፣ ታጥፎ ገባ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሌኑ ከመወርወሪያው መስመር እስከ ፊተኛው ፒን ድረስ 60 ጫማ ነው፤ 18 ሜትር ከምናምን። እንደኛ ዓይነት መዝናኛ ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን 40 ጫማ ገደማ ዘይት ይቀቡታል፤ መሐሉን ወፈር፣ ዳርና ዳሩን ሳሳ አድርገው። ኳሱ ዘይቱ ላይ ይንሸራተታል፣ ደረቁን ሲያገኝ ይታጠፋል፣ ከዚያ ይንከባለላል። የእኔ ኳስ በሰዓት 18 ማይል ገደማ ስለሚሄድ ፒኑ ጋ ለመድረስ ሁለት ሴኮንድ ተኩል አይፈጅበትም። ከእጄ ሲወጣ በደቂቃ 200 ዙር አካባቢ ነው የሚሽከረከረው። የወንድሜ ከ400 በላይ ነው። የተወለወለ ፐርል ዘይቱ ላይ ኃይሉን ቆጥቦ ደረቁ ላይ ሲደርስ ነው የሚነሳው። የእኔ ለመነሳት ጊዜም ዙርም ሳያገኝ ፒኑ ጋ ይደርሳል።

ታዲያ መታጠፉ ለምን አስፈለገ? ቀጥ ብሎ የመጣ ኳስ ፒኖቹን ሲመታ በቀላሉ አቅጣጫውን ይስታል። በ6 ዲግሪ አካባቢ አዘንብሎ በፊተኛውና በጎኑ ባለው ፒን መሐል የገባ ኳስ ግን ስትራይክ የማምጣት፣ ማለትም ፒኖቹን በሙሉ በአንድ ውርወራ የመጣል ዕድሉ በጣም ይሰፋል። በቀጥታ ውርወራ ይህን ማዕዘን ማግኘት አይቻልም፤ ሌኑ ጠባብ ነው።

ስለዚህ ኳስ ከማየታችሁ በፊት እጃችሁን እዩ። ኳሱ ላይ ነጭ ቴፕ ቁራጭ ለጥፉና ጓደኛችሁ በስልክ ስሎው ሞሽን ይቅረጻችሁ። ዙሩ ይቆጠራል። ፍጥነቱን ብዙ ቤቶች ስክሪኑ ላይ ያሳያሉ። እንደ እኔ ፍጥነቱ ከዙሩ የሚበልጥበት ሰው ቶሎ የሚይዝ፣ ሻካራ፣ ሶሊድ የሚባለውን ሪአክቲቭ (ዘይት የሚጠጣ ቆዳ ያለውን ኳስ) ይፈልግ። እንደ ወንድሜ ዙሩ የሚበዛበት ደግሞ ፐርል ወይም ረጋ ብሎ የሚታጠፈውን ዩሬቴን ይሞክር። ሁለቱ የተመጣጠኑለት ዕድለኛ ነው፤ መካከለኛ ኳስ ገዝቶ ቤቱ ይግባ።

ሻጮች ስለ ኮር ብዙ ያወራሉ። ኳሱ ውስጥ የተቀበረው ክብደት ሲሜትሪክ ነው፣ አይደለም፣ የኮሩ ምልክት (እሱንም ፒን ይሉታል) ከጣት ቀዳዳዎቹ በላይ ይሁን ወይስ በታች... ለፕሮ ተጫዋች ልዩነት አለው፣ አልክድም። እንደኔ በሳምንት አንዴ ለሚጫወት ሰው ግን የሚበልጠው የኳሱ ቆዳ፣ የውጭ ሽፋኑ ነው። የመኪና ሞተር ምንም ያህል ቢጠነክር ጎማው ካለቀ በበረዶ ላይ የት ይደርሳል? ቆዳውን ደግሞ አዲስ ኳስ ሳይገዙ መቀየር ይቻላል። የሾፑ ሰውዬ የወንድሜን ኳስ ማሽን ላይ አስቀምጦ ባለ 1000 ቁጥሩን ብርጭቆ ወረቀት አስነካው። ቁጥሩ ሲያንስ ይሻክራል፣ 4000 ሲሆን ይለሰልሳል። ብልጭታው ጠፋ፤ ኳሱ ግን መታጠፍ ጀመረ። ጥቂት ዶላር ነው የጠየቀኝ። እሱን ኳስ ይዤ ከርሜ ነው በኋላ የራሴን ሶሊድ የገዛሁት።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ቀዳዳው። አዲስ አበባ እያለሁ ላፍቶ ሞል ከጓደኞቼ ጋር ስንጫወት ኳስ የምንመርጠው በቀለም ነበር። ለጨዋታ ምን አለበት! የመዝናኛ ቤቱ ኳስ ግን ለማንም እንዲሆን ሰፋ ተደርጎ የተበሳ ስለሆነ እንዳይወድቅ ትጨብጡታላችሁ። የሚጨብጥ እጅ ደግሞ በጊዜ አይለቅም፤ አንጓም ያማል። በልካችሁ ሲበሳ ኳሱ እጃችሁ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። መሐል ጣትና የቀለበት ጣት እስከ መጀመሪያው አንጓ ብቻ ይገባሉ፤ አውራ ጣት ሙሉ በሙሉ ገብቶ ያለ ትግል ይወጣል። ጣት በሙቀት ያብጣል፣ በብርድ ይቀጥናል፤ ለዚህ ቀዳዳው ውስጥ የሚለጠፍ ቴፕ አለ። ልኬቱን ከሥራ እንደወጣችሁ አታስለኩ። እኔ ለአሥራ ሁለት ሰዓት ያህል ጓንት ውስጥ የዋለ እጅ ይዤ ሄጄ ሰውዬው "ነገ ነይ" ብሎ መልሶኛል።

ክብደቱም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። "የሰውነትሽን አንድ አስረኛ" የሚሉት ነገር ሕግ አይደለም። በልክ የተበሳ ኳስ ስለሚቀል ከቤቱ ኳስ አንድ ሁለት ፓውንድ መጨመር ይቻላል። እኔ ከ12 ወደ 14 ነው የወጣሁት። ትልቁ የሚፈቀደው 16 ነው፤ ለጉራ ካልሆነ እሱ ለማንም አያስፈልግም። 12 እና 13 የምትይዙ ግን ጠይቁ፤ በብዙ ሞዴሎች እዚያ ላይ ውስጡ ያለው ኮር በሌላ ስለሚተካ ኢንተርኔት ላይ ያያችሁት ኳስ አይደለም የሚደርሳችሁ።

ሁለተኛ ኳስ ለመግዛት ገንዘብ ካላችሁ ፕላስቲክ ግዙ። ከ100 ዶላር በታች ይገኛል። ዘይት ኖረም አልኖረም ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ጥግ ላይ ብቻዋን የቀረችውን ፒን ለማንሳት የሚያህለው የለም። ሊጋችን ውስጥ ነጥባቸው ከፍ ያለው ብዙ ስትራይክ የሚመቱት አይደሉም፤ ስፔር፣ ማለትም የቀሩትን ፒኖች በሁለተኛው ውርወራ ማንሳት፣ የማያመልጣቸው ናቸው።

ሪአክቲቭ የገዛ ሰው ደግሞ ማጽዳት አይርሳ። ቆዳው የሌኑን ዘይት ይጠጣል። በየውርወራው በማይክሮፋይበር ፎጣ ጥረጉት፣ ጨዋታው ሲያልቅ ሳይደርቅ በማጽጃ እጠቡት። ከጊዜ በኋላ ሲደነዝዝ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይነከርና ዘይቱ ይወጣል። ሙቅ ነው ያልኩት፣ የፈላ አይደለም። ኦቨን ውስጥ የሚከቱም አሉ። ኳሱ ይሰነጠቃል፤ ኦቨኑን ደግሞ ለእናንተ ትቼዋለሁ።