በእንቁላሉ ጊዜ

ለንደን ስኖር አጥብቄ የምመኘው ጸጥታን ነበር። ከእኔ በላይ ያለው ተከራይ በእኩለ ሌሊት ቁም ሣጥን ይጎትታል፤ እሱ ሲያቆም ደግሞ ከታች ያለው ሕፃን ይጀምራል። ስለዚህ በፈረንጆች 2023 ሽሮፕሸር ውስጥ፣ ከለድሎው ከተማ ወጣ ባለ ገጠር፣ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ሥራ ሳገኝ ሁለት ጊዜ አላሰብኩም። ለእናቴ ደውዬ ስነግራት የቦታውን ስም ሦስት ጊዜ አስደገመችኝና፣ «በሽሮ ከጀመረማ አትራብም» ብላ መረቀችኝ።

ጸጥታውን አገኘሁት። እንዲያውም ተረፈኝ። በዲሴምበር ከቀኑ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ትጠልቃለች፤ የመንገድ መብራት የሚባል ነገር ስለሌለ ማታ ከሥራ ስመለስ የቤቴን በር የማገኘው በዳበሳ ነው። ጎረቤቶቼ በጎች ናቸው። ወደ ቤቴ የሚወስደው መንገድ አንድ መኪና በጭንቅ የሚያሳልፍ ሲሆን፣ መግቢያው ላይ ግን ነጭ ክብ፣ መሐሉ ላይ ጥቁር ሰረዝ ያለበት ምልክት ተተክሏል። ትርጉሙ በሰዓት እስከ 60 ማይል መንዳት ይፈቀዳል ማለት ነው፤ ወደ 97 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። በዚያ መንገድ ላይ ከ20 ማይል በላይ ሲነዳ ያየሁት ፖስታ አዳዩን ብቻ ነው፤ እሱም ዘመድ ያለው አይመስለኝም።

ሌላው ነገር ስልክ ነው። በመንደሩ ውስጥ የእኔ ስልክ ኔትዎርክ የሚያገኘው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ ከእርሻው በር አጠገብ፣ እንቁላል ከሚሸጥበት ጥግ። «ይሸጣል» ስል ሻጭ አለ ማለቴ አይደለም። ትንሽ የእንጨት መደርደሪያ አለ፤ እንቁላሉ በካርቶን ተደርድሮበታል፤ «ስድስት እንቁላል 1 ፓውንድ ከ50» የሚል ሰሌዳና ገንዘብ የሚጨመርበት የብረት ሣጥን ተያይዞበታል። እንቁላሉን ትወስዳለህ፣ ሂሳቡን ትጨምራለህ፣ ትሄዳለህ። የሚያይህ የለም። መጀመሪያ ያየሁት ቀን የሆነ ሰው ረስቶት የሄደ መስሎኝ ግማሽ ሰዓት ቆሜ ጠብቄለታለሁ።

ነገሩ የሆነው በእኛ 2016 ቅዳሜ ሹር ነው። በዚያ ዓመት የእነሱ ፋሲካ ከእኛ አምስት ሳምንት ቀድሞ አልፏል፤ መንደሩ የቸኮሌት እንቁላሉን በልቶ፣ በዓሉንም ረስቶታል። እኔ ግን በጾሙ 55ኛ ቀን ላይ ነኝ። ጓደኞቼ ከበርሚንግሃም ዶሮውንና እንጀራውን ይዘው ሊመጡ፣ እኔ ደግሞ ቁሌቱን ሠርቼ እንቁላል ቀቅዬ ልጠብቃቸው ተስማምተናል። ሽንኩርቱን ከትፌ፣ አልቅሼ፣ ካቁላላሁ በኋላ ነው እንቁላል እንዳልገዛሁ ትዝ ያለኝ። ያለ አሥራ ሁለት እንቁላል ዶሮ ወጥ ብዬ ባቀርብ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ መተረቻ መሆኔ ነው።

እሳቱን አጥፍቼ ሮጥኩ። መደርደሪያው ላይ ልክ ሁለት ካርቶን ቀርቷል። እግዚአብሔር ይመስገን! ሂሳቡ 3 ፓውንድ ነው፤ ኪሴ ውስጥ ያለው ግን አንድ የ20 ፓውንድ ኖት ብቻ። ቆሜ አሰብኩ። ዞር ብዬ አየሁ፤ ከበግ በቀር ማንም የለም። ሣጥኑ ውስጥ የመልስ ሳንቲም ካለ ልይ ብዬ ጎንበስ ስል፣ በእጄ የያዝኩት ኖት ፕላስቲክ አይደል፣ ከጣቴ ሙልጭ ብሎ በሣጥኑ አፍ ገባ።

የሣጥኑ አፍ ሰፋ ያለ ነው። እጄን ሰደድኩ። ኖቱን አገኘሁት፤ ጨበጥኩት፤ ስስብ ግን ጭብጤ አልወጣም አለ። ብለቀው ይወጣል። ግን 20 ፓውንድ እንዴት ይለቀቃል? በቅል ውስጥ በቆሎ ጨብጦ ስለተያዘው ዝንጀሮ ልጅ ሳለሁ ስሰማ የሳቅኩት ሳቅ ሁሉ አንድ በአንድ ትዝ አለኝ። አምስት ደቂቃ ያህል ከራሴ ጋር ተከራክሬ ልልቀቀው ብዬ ስወስን ደግሞ እጄ አብጦ፣ የሰዓቴም ማሰሪያ ከውስጥ ጠርዙን ነክሶ ይዟል።

ለአንድ ዓመት ሰው ናፍቆኝ የኖርኩበት መንደር ሰው የሚባለውን ሁሉ ያወጣው ይኼኔ ነው።

በመጀመሪያ ውሻቸውን የሚያንሸራሽሩ አንዲት አሮጊት መጡ። «ዛሬስ ፀሐይ ወጣችልን» አሉኝ። «አዎ፣ ደስ ይላል» አልኩ፣ እጄ እስከ አንጓው ሣጥን ውስጥ እንዳለ። «ከሰዓት በኋላ ይዘንባል ይላሉ።» «ይዘንባል እንዴ?» «ለአትክልቱ ጥሩ ነው።» ስለ አየሩ ተወያየን፤ ስለ አትክልቱ ተወያየን፤ አንዴም ቢሆን ዓይናቸው ወደ ሣጥኑ አልወረደም። ውሻው ብቻ ሱሪዬን አሸተተና ቀና ብሎ በሐዘኔታ አየኝ። ተሰናብተውኝ ሄዱ።

አዲስ አበባ ቢሆን ኖሮ ይህን ጊዜ ሃያ ሰው ከብቦኛል። አንዱ ይጎትተኛል፣ አንዱ የጎተተውን ይቆጣል፣ አንዷ ቅቤ ታመጣለች፣ አንዱ የማን ልጅ እንደሆንኩ ያጣራል። እጄ ከነሣጥኑ ተነቅሎ ይወጣ ነበር፤ ግን ይወጣ ነበር።

ስልኬ ጮኸ። ኔትዎርክ ያለበት ብቸኛ ቦታ ላይ አይደል ያለሁት? በግራ እጄ እንደምንም አወጣሁት። እናቴ ናት፤ ከደብረ ብርሃን፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ ለማለት።

«እማዬ፣ ቆየት ብዬ ልደውልልሽ፤ ተይዣለሁ።»

«ተይዘህ? ማን ያዘህ?»

«አይ፣ እጄ ነው የተያዘው።»

«እጅ ከፍንጅ? በምን?»

«በእንቁላል...»

መስመሩ ላይ ጸጥታ ሆነ። ሽሮፕሸር ራሱ እንዲያ ጸጥ ብሎ አያውቅም። ከዚያ ለጎረቤቷ ይመስለኛል፣ ድምፅዋ ከስልኩ ራቅ ብሎ ሲጮኽ ሰማሁት፦ «እኔኮ በእንቁላሉ ጊዜ ቀጥቼዋለሁ! እግዚአብሔር ያውቃል፣ ቀጥቼዋለሁ!»

ስልኩ ተቋረጠ። ላስረዳት ልደውል ስል ከአጥሩ ማዶ የእግር ኮቴ ሰማሁ። በሰው እርሻ መካከል ሕዝብ በሕግ የሚያልፍበት የእግር መንገድ አላቸው፤ እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ በጠቅላላው ወደ 225,000 ኪሎ ሜትር ይደርሳል ይባላል። ከዚያ ሁሉ አንዱ የግድ በእንቁላሉ ሣጥን ጎን ማለፍ ነበረበት። አሥራ አራት ተጓዦች፣ ሁሉም ዱላ የያዙ፣ ተሰልፈው አንድ በአንድ ከበሩ ወጡ። «እንደምን አደሩ» አለኝ የመጀመሪያው። «እንደምን አደሩ» አልኩ። ሁለተኛዋ «እንደምን አደሩ»። አሥራ አራት ጊዜ ሰላምታ ሰጠሁ፤ አሥራ አራቱም ሰማዩን እያዩ አለፉ። ሙዳየ ምጽዋት ሲመነትፍ የተያዘ ዲያቆንም እንዲህ ተከብሮ አያውቅም።

በመጨረሻ የእርሻው ባለቤት በትራክተራቸው መጡ። ሰባ ዓመት የሚያልፋቸው ይመስላሉ። ሞተሩን አጥፍተው ወረዱ፤ ሣጥኑን አዩ፤ እኔን አዩኝ።

«መልስ ፈልገው ነው?»

በሕይወቴ እንደዚህ ዓይነት ፍርድ ተፈርዶልኝ አያውቅም። ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ቁልፋቸውን አውጥተው የሣጥኑን ሆድ ከፈቱ። ጎንበስ ብዬ በታች በኩል ሳይ በሳንቲሞች ላይ የተንጠለጠለ ያበጠ እጅ ይታያል፤ የሌላ ሰው እጅ መስሎኝ ደነገጥኩ። ሰውዬው በሁለት ጣታቸው የሰዓቴን ማሰሪያ ፈቱት። ቢሆንም አልወጣም። ትንሽ አሰቡና ከካርቶኑ አንድ እንቁላል አንስተው በሣጥኑ ጠርዝ ላይ ሰበሩት፤ አስኳሉን ከቅርፊት ወደ ቅርፊት እያገላበጡ ነጩን ብቻ በእጄ አንጓ ዙሪያ አንጠፈጠፉት፤ ቀስ አድርገውም አሹት። ላምም ያዋለዱ እጆች ናቸው። እጄ ሾልኮ ወጣ። ኖቱ አሁንም በጭብጤ ውስጥ ነበር፤ ንግሥት ኤልሳቤጥ ፊታቸው በእንቁላል ተለውሷል።

17 ፓውንድ በሳንቲም ቆጥረው ሰጡኝ።

«የተሰበረውንም ልክፈል» አልኳቸው።

«እሱ የጥገና ወጪ ነው» ብለው አስኳሉን መሬት ላይ ጣሉት። የአሮጊቷ ውሻ ከሽርሽሩ ሲመለስ ደረሰበት። ለ55 ቀን እንቁላል ያልቀመስኩት እኔ ቆሜ እያየሁ ላሰው።

ለእናቴ ነገሩን ለማስረዳት ሃያ ደቂቃ ፈጅቶብኛል፤ ዛሬም ድረስ ሙሉ በሙሉ ያመነችኝ አይመስለኝም። ማታ ጓደኞቼ መጥተው ወጡን ሠራን። ዶሮ ሲጮኽ ድስቱ ሲከፈት አንዱ በጭልፋ እያማሰለ ቆጠረ። «አሥራ አንድ ነው። በጾም እንቁላል የበላው ማን ነው?» «ሣጥኑ» አልኩ። ሌላ ማብራሪያ አልሰጠሁም።

በመንደሩ ውስጥ እስከ ዛሬ አንድም ሰው ስለዚያ ቀን ያነሳብኝ የለም። ሣጥኑ ላይ ብቻ በቆንጆ የእጅ ጽሑፍ «መልስ የሚፈልጉ እባክዎ በሩን ያንኳኩ» የሚል አዲስ ወረቀት ተለጥፏል። በሳምንቱ ደግሞ ከሌሊት ሥራ ስመለስ በሬ ሥር የማርማላታ ብርጭቆ ተቀምጦ አገኘሁ። የሰጪው ስም የለበትም፤ ክዳኑ ላይ «ለእንቁላል» ተብሎ ተጽፏል፤ ውስጡ እስከ አፉ ሳንቲም ነው። ጠረጴዛው ላይ ገልብጬ፣ እጄን ሳላስገባ ቆጠርኩት። ልክ 20 ፓውንድ።