የቀጠሮው ወረቀት

ዛሬም በሰላማዊ ሰልፍ ምክንያት መንገድ ተዘግቶ አውቶቡስ ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምን። ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋና "ከዚህ በኋላ በእግር ነው" አለን። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ግን አልተነሱም። እጃቸው ላይ የሆስፒታል ቀጠሮ ወረቀት አለ። አራት ቦታ ታጥፎ ጠርዙ ሳስቷል፤ ይከፍቱታል፣ ሰዓቱን ያያሉ፣ መልሰው ያጣጥፉታል። "ልጄ፣ ሦስት ወር ጠብቄ ያገኘሁት ነው እኮ" አሉኝ። ምን ልበላቸው? ክንዳቸውን ይዤ ቀስ እያልን ወረድን። ሰልፈኞቹ መሃል ስንደርስ አንዲት ወጣት ወረቀቱን አየችና መፈክሯን ዝቅ አድርጋ "መንገድ ስጡ! መንገድ ስጡ!" እያለች ከፊታችን ሄደች፤ ሰዉም ገለል አለልን።

ሰላማዊ ሰልፍ መብት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ አንቀጽ 20 ላይ ሰፍሯል። እኔም ወጥቼ አውቃለሁ፣ ነገም እወጣለሁ። ግን የትኛው መንገድ እንደሚዘጋ፣ አውቶቡሱ በየት ዞሮ እንደሚሄድ ከዋዜማው ቢነገረን፣ ለሕመምተኛ አንድ መስመር ቢተውልን ምን አለበት? ልጅቷ ያደረገችውን አዘጋጆቹም ማድረግ ይችላሉ።

ስንደርስ ካርድ ክፍሉ ተዘግቷል። እናታችን ወረቀቱን አንዴ ከፍተው አዩትና፣ አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።