አፍንጫውን የቀሰረው ተሳቢ

ፒካፑን ስገዛ የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስንት ቶን ይጎትታል? ተሳቢውን ስገዛም እንዲሁ፤ ስንት ቶን ይመዝናል? ሁለቱ ቁጥሮች ተስማሙ። በቃ፣ አለቀ ብዬ ፈረምኩ። ቁመት የሚባል ነገር መኖሩ ትዝም አላለኝ።

ለማያውቀው ሰው ልንገር። የገዛሁት ተሳቢ ፊፍዝ ዊል የሚባለው፣ ውስጡ የሚታደርበት ዓይነት ነው። እንደ ተራው ተሳቢ ከመኪናው ኋላ ጫፍ ላይ አይንጠለጠልም። አንገቱን አስረዝሞ ካሶኒው ውስጥ ያሳርፋል። ከአንገቱ ስር ኪንግ ፒን የሚባል ወፍራም ብረት አለው። ካሶኒው ውስጥ የታሰረው መያዣ ያንን ፒን በመንጋጋው ግጥም አድርጎ ይይዘዋል። ክብደቱ ከኋላው አክስል በላይ ወይም ከእሱ ትንሽ ቀደም ብሎ ስለሚያርፍ መኪናው ረጋ ብሎ ይሄዳል።

መጀመሪያ ቀን አያይዤ ስወርድ ባለቤቴ ከጎን ቆማ ታየኝ ነበር።

«አፍንጫውን ቀስሯል እኮ» አለች።

«ዕቃ ሲገባበት ይወርዳል» አልኳት።

አልወረደም። በመጀመሪያው ጉዞ ከነዳጅ ማደያ ስንወጣ የተሳቢው ኋላ አስፋልቱን ፋቀው። ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ስንቆም ጎማዎቹን በእጄ ነካ ነካ አደረግኩ። የኋለኛው አክስል ጎማዎች ከፊተኞቹ ይልቅ ይሞቃሉ። ያኔ ነው ሜትር ያወጣሁት።

አለካኩ ከባድ አይደለም። ችግሩ ማንም ከመግዛቱ በፊት አይለካም። ደልዳላ መሬት ላይ ተሳቢውን ከመኪናው አላቅቄ በራሱ እግር አቆምኩት። ሻንሲው ላይ ውሃ ልክ አስቀምጬ አረፋዋ መሃል እስክትገባ እግሩን ከፍ ዝቅ አደረግኩ። ከመሬት እስከ ፒኑ ሳህን 116 ሴንቲ ወጣ። ቀጥ ብሎ እንዲሄድ የሚፈልገው ቁመት ይህ ነው። ቀጥሎ መኪናው ላይ ያለውን የመያዣውን ሳህን ለካሁ፤ ባዶውን 133። ተሳቢው ሲጫንበት የመኪናው ኋላ 7 ሴንቲ ቁጭ ይላል። ስለዚህ 126። አስር ሴንቲ ይበልጣል ማለት ነው።

አስር ሴንቲ ምን አላት ትሉ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። ከፒኑ እስከ አክስሎቹ መሃል 7 ሜትር ነው። ከዚያ እስከ ተሳቢው ኋላ ጫፍ 2.5 ሜትር። ፊቱ 10 ሴንቲ ሲነሳ ኋላው ወደ 3.5 ሴንቲ ይወርዳል፤ አስፋልቱን የፋቀው እሱ ነው። ጭነቱም ወደ ኋለኛው አክስል ያጋድላል። የእኔ ባሌስትራ ስለሆነ በሁለቱ አክስሎች መካከል ያለችው ማመጣጠኛ ብረት ልዩነቱን ትቀንሰዋለች። ግን ልኳን ካለፈች እሷም አትችልም። በባሌስትራ ፋንታ ቱቦ ውስጥ ባለ ላስቲክ የሚሠራው ዓይነት ደግሞ ማመጣጠኛ የሚባል ነገር ጭራሽ የለውም። እሱ ያላችሁ ሰዎች ከእኔ የበለጠ ተጠንቀቁ።

አሁን ወደ ሞኝነቴ ልምጣ። መያዣው ቁመቱን የሚቀይሩበት ቀዳዳዎች አሉት። ብሎኖቹን ፈታሁና ሁለት ቀዳዳ አወረድኩት፤ በትክክል 10 ሴንቲ። ውሃ ልኩን አስቀመጥኩ። አረፋዋ መሃል! ለባለቤቴ ፎቶ ላክሁላት።

በሚቀጥለው ሳምንት ከአስፋልት ወርጄ በአንድ ቦይ ላይ አግድም ስሻገር ጋቢናው ውስጥ «ጓ!» የሚል ነገር ሰማሁ። የተሳቢው አንገት የካሶኒውን ስፖንዳ መትቶታል። ስፖንዳው ወደ ውስጥ ጎበጠ፣ የተሳቢው ሆድም ተሰነጠቀ።

ለምን? ከስፖንዳው እስከ ተሳቢው ሆድ ያለውን ክፍተት አልለካሁም ነበር። ድሮ 20 ሴንቲ የነበረውን ራሴ 10 አድርጌዋለሁ። መኪናውና ተሳቢው አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ ሲያጋድሉ 10 ሴንቲ ወዲያው ያልቃል። ቢያንስ 15 ሴንቲ ያስፈልጋል። የዛሬ ፒካፖች በተለይ በአራቱም ጎማ የሚነዱት ስፖንዳቸው ረጅም ነው፤ የእኔ ተጭኖ እንኳ ከመሬት 141 ይደርሳል። ተሳቢው የተሠራው ለአጭር መኪና ይመስላል።

አንድ የሚያውቀኝ በያጅ መጥቶ አየውና ሳቀብኝ።

«መኪናውን ወደ ተሳቢው ልታወርድ ትታገላለህ። ለምን ተሳቢውን ወደ መኪናው አታነሳም?»

የተሳቢዬ ባሌስትራ ከአክስሉ ስር ነበር የታሰረው። ከአክስሉ በላይ እንዲሆን አደረገው። አንድ ነገር ደጋግሞ ነገረኝ፤ አክስሉ ራሱ አይገለበጥም። መሃሉ በትንሹ ወደ ላይ ቅስት ያለ ነው። ጭነት ሲያርፍበት ነው ጎማዎቹ ቀጥ የሚሉት። ቢገለበጥ ጎማው በውስጥ በኩል ይበላል። ስለዚህ አዲስ የባሌስትራ መቀመጫ ከላይ ተበየደ፣ አክስሉ ግን እንደነበረ ቀረ። ተሳቢው 13 ሴንቲ ተነሳ።

መያዣውን ወደ ድሮ ቀዳዳው መለስኩት። አሁን ተሳቢው ቀጥ ለማለት 129 ይፈልጋል፤ መኪናው ተጭኖ 126 ይሰጠዋል። ፊቱ 3 ሴንቲ ዝቅ ይላል። ይህ ደስ የሚል ስህተት ነው፤ ከቀሰረ ትንሽ ያጎነበሰ ይሻላል። የስፖንዳው ክፍተትም ወደ 20 ተመለሰ።

በመሃል አንድ ሰው የአየር ከረጢት ባሌስትራው ላይ አድርግ ብሎኝ ነበር። የመኪናውን ኋላ ያነሳል፤ እውነት ነው። የእኔ ችግር ግን መኪናው መውረዱ ሳይሆን መርዘሙ ነበር። ደግሞ ከረጢቱ የመጫን አቅም አይጨምርም። አቅሙ በሾፌሩ በር መቃን ላይ ተጽፏል፤ የእኔ 1,420 ኪሎ ይላል። ሻጩ ፒኑ ላይ የሚያርፈው 820 ኪሎ ነው ብሎኝ ነበር፤ ለካስ የባዶው ነው። ዕቃ፣ ውሃና ጋዝ ገብቶ ሚዛን ላይ ስወጣ 1,150 ሆነ። መያዣው 80፣ ሁለታችን 150። ቀሪው 40 ኪሎ። የመሣሪያ ሳጥኔን ከካሶኒው አውርጄ እቤት ተውኩት። የተሳቢውን ጠቅላላ ክብደት ከነጭነቱ በአምስት አካፍላችሁ ፒኑ ላይ አሳርፉት፤ ለግምት ይበቃል። ለእርግጠኝነት ግን ሚዛን።

ከፍታው የራሱን ዋጋ አስከፈለን። የበሩ ደረጃ ራቀ፤ ባለቤቴ ስር የምታስቀምጠው የእንጨት ሳጥን አሁን ከጉዞ ዕቃዎቻችን አንዱ ነው። የተሳቢው ጣራም ከፍ ብሏል። አዲሱን ቁመት በፕላስተር ላይ ጽፌ መሪው አጠገብ ለጥፌዋለሁ። ድልድይ ስር ከመግባቴ በፊት እሷ ጮክ ብላ ታነብልኛለች።