«የእነማን ነህ?» በሬይክያቪክ

የአይስላንድን ሰዎች ስም ለመረዳት ከመጽሐፍ ይልቅ የመንገድ ምልክት ይቀላል። የዋና ከተማዋ የሬይክያቪክ ኮረብታ ላይ የቆመው ቤተ ክርስቲያን «ሃልግሪምስኪርኪያ» ይባላል፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረውን ባለቅኔ ቄስ ሃልግሪሙር ፔቱርሶንን እንዲያስታውስ የተሰየመ ነው። ሰውዬው «ሃልግሪሙር» ሲሆን ቤቱ ግን «ሃልግሪምስ» ሆኗል፤ «ኡር» ወድቃ «ስ» ገብታለች። እኛ «የ»ን ከፊት አስቀድመን ስሙን ሳንነካው እናልፋለን፤ እነሱ የሚነኩት ጭራውን ነው።

ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት የባሕረኛው የሌይፉር ኤይሪክሶን ሐውልት ቆሟል። አጠገቡ ካሉት ጎዳናዎች አንዱ በሌይፉር ስም «ሌይፍስጋታ»፣ ሌላው በአባቱ በኤይሪኩር ስም «ኤይሪክስጋታ» ተብሏል። ወደ መሃል ከተማ ስወርድ ደግሞ «ንያልስጋታ»ንና «ቤርግቶሩጋታ»ን አገኘሁ፤ ንያልና ቤርግቶራ በጥንቱ ትረካ ባልና ሚስት ናቸው። ባል በ«ስ»፣ ሚስት ከ«አ» ወደ «ኡ» ተለውጣ። ይህን የያዘ ሰው የአባት ስም አሠራሩን ያዘ ማለት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የአባት የመጀመሪያ ስም ብቻ ይወሰዳል፤ የአያት አይገባበትም። ስሙ ወደ አገናዛቢው መልክ፣ ማለትም «የእገሌ» ወደሚለው፣ ይለወጣል። ከዚያ ለወንድ «ሶን»፣ ለሴት «ዶህቲር» ይቀጠላል፤ ወንድ ልጅና ሴት ልጅ ማለት ነው። የዮን ወንድ ልጅ ዮንሶን፣ ሴት ልጁ ዮንስዶህቲር ትሆናለች። በእነሱ ፊደል ሲጻፍ «ዮንሶን» ሁለት «ስ» አለው፤ አንዱ የአገናዛቢው፣ ሁለተኛው የ«ሶን»። የውጭ ሰው አንዱን ይውጠዋል፤ ትኬት ላይ ሲሆን ያኔ ችግር ነው። ሌላው የሚያደናግር ነገር የአንድ አባት ልጆች ስም ሁልጊዜ በእኩል አለመቀረጹ ነው፤ የሲጉርዱር ወንድ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ሲጉርድሶን፣ ሴት ልጁ ግን ሲጉርዳርዶህቲር ናት። በእናት ስም መጠራትም ይቻላል። እግር ኳስ የሚከታተል ሰው ሄይዳር ሄልጉሶንን ያስታውሰዋል፤ የሄልጋ ልጅ ነው።

ስለዚህ አንድ ቤት ውስጥ ባል፣ ሚስት፣ ወንድ ልጅና ሴት ልጅ አራት የተለያየ መጨረሻ ስም ሊይዙ ይችላሉ። ሴት ስታገባ ስሟን አትለውጥም። የስልክ ማውጫቸው ሰዎችን በመጀመሪያ ስማቸው ሲደረድር ኖሯል፤ ተመሳሳዮቹን ለመለየት የሥራ መደባቸውን ይጨምር ነበር። በ1980 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ሆነው የተመረጡትን ቪግዲስ ፊንቦጋዶህቲርን ሕዝቡ «ቪግዲስ» ብሎ ብቻ ይጠራቸዋል። ለእኛ ጆሮ አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ «ወይዘሮ» የለበትም። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከኮረብታው ሃያ ደቂቃ ያህል ወደ ምዕራብ ከተራመዱ ሆላቫላጋርዱር የተባለው አሮጌ መካነ መቃብር ይገኛል። በ1838 መጀመሪያ የተቀበረችው ጉድሩን ኦድስዶህቲር ናት፤ ባለቤቷ ደግሞ ቶርዱር ስቬይንብዮርንሶን። በእነሱ እምነት መጀመሪያ የተቀበረ ሰው አይበሰብስም፣ የግቢው ጠባቂ ሆኖ ይኖራል። እዚያው የነጻነት መሪያቸው ዮን ሲጉርድሶን ከሚስታቸው ከኢንጊብዮርግ ኤይናርስዶህቲር ጋር ተቀብረዋል። የልደታቸው ቀን ሰኔ አሥር፣ በእነሱ ጁን 17፣ ብሔራዊ በዓል ነው።

እነዚህን ሁለት ስሞች አንድ ላይ ሳነብ ብዙ ቆምኩ። የሲጉርዱር ልጅ የኤይናርን ልጅ አገባ ይላሉ፤ ከዚያ በላይ አይናገሩም። ሲጉርዱርና ኤይናር ግን የአንድ አባት ልጆች ነበሩ። ባልና ሚስቱ የወንድማማች ልጆች ናቸው ማለት ነው። እኛ ዘንድ ሽማግሌ እስከ ሰባት ቤት ቆጥሮ የሚያፈርሰው ጋብቻ ነው። የአባት ስም የሚያሳየው አንድ ትውልድ ብቻ ስለሆነ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሰው በሌላ ነገር መያዝ አለበት፤ እኛ በአፍ ቆጠራ ይዘነዋል፣ እነሱ በጽሑፍ። አይስላንዳዊ አዲስ ሰው ሲያገኝ «የእነማን ነህ?» ብሎ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ሕዝቡ 400 ሺህ ስለማይሞላ ዝምድና በየቦታው ያጋጥማል። በ2003 «ኢስሌንዲንጋቦክ» የተባለው የዘር ሐረግ መዝገብ በኢንተርኔት ተከፈተላቸው፤ የሚገባበት የመታወቂያ ቁጥር ያለው ሰው ነው። በ2013 ደግሞ ሁለት ሰዎች ስልካቸውን አጋጭተው ዝምድናቸውን የሚያዩበት መተግበሪያ ወጣ። እንደ ቀልድ ተወራ እንጂ ሰባት ቤት ቆጣሪው ሽማግሌ ስልክ ውስጥ ገባ ማለት ነው።

ስም ማውጣትም በሕግ ነው። ሕፃኑ በስድስት ወር ውስጥ ስም ማግኘት አለበት፤ ብዙ ወላጅ እስከ ክርስትናው ቀን ለማንም አይናገርም። ከሦስት በላይ ስም አይሰጥም። በተፈቀዱ ስሞች መዝገብ የሌለ ስም ከሆነ በ1991 ወደተቋቋመው የስም ኮሚቴ ይቀርባል። ኮሚቴው የሚጠይቀው ስሙ የአገናዛቢ ጭራ መቀበሉን፣ ከአጻጻፋቸው ጋር መስማማቱንና ልጁን የማያሳፍር መሆኑን ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ባዕድ ቢመስልም ምክንያት አለው፤ ጭራ የማይቀበል ስም ነገ የልጅ ልጅ የአባት ስም ሊሆን አይችልም። እስከ 2019 የወንድ ስም ለሴት፣ የሴትም ለወንድ አይፈቀድም ነበር። «ብላይር» ማለትም ለስላሳ ነፋስ የሚል ስም የተሰጣት አንዲት ልጅ ቃሉ በሰዋስው ወንዴ ነው ተብሎ ተከልክላ በ2013 በፍርድ ቤት አሸነፈች። ዛሬ በፆታ ገለልተኛ ሆኖ የተመዘገበ ሰው ከ«ሶን»ና ከ«ዶህቲር» ሌላ «ቡር» ማለት ይችላል።

ከዚያች አገር ወደ ውጭ ሲወጡ ከእኛ ጋር አንድ ዓይነት ጣጣ ይገጥማቸዋል። የአውሮፕላን ትኬትና የድንበር ቅጽ «የቤተሰብ ስም» ብለው ይጠይቃሉ፤ አባትና ልጅ የሚመሳሰል ነገር የላቸውም። የእኛው ይብሳል። አበበ ከበደ ዓለሙ ከልጁ ከሣራ አበበ ከበደ ጋር ቢሄድ፣ ቅጹ የመጨረሻውን ስም ይወስድና አባትየውን «ዓለሙ»፣ ልጅቷን «ከበደ» ያደርጋታል። ማሽኑ ዘመድ ናቸው አይልም። ስለዚህ ትኬት ሲቆረጥ ስሞቹን በፓስፖርቱ ላይ ባሉበት መስመርና ፊደል እንዳሉ መገልበጥ ነው፤ የአባትን ስም ወዲያና ወዲህ ማዛወር በር ላይ ያስቀራል። ልጅ ይዞ የሚጓዝ የልደት ምስክር ወረቀቱን በትርጉም ይያዝ፤ ልጁን ይዞ የሚሄደው አንድ ወላጅ ብቻ ከሆነ የሌላኛውን የፈቃድ ደብዳቤ ይጨምር። አይስላንዳዊው ወላጅም በኬፍላቪክ አውሮፕላን ማረፊያ ሲወጣ ቦርሳው ውስጥ የሚከተው ይህንኑ ወረቀት ነው።