«ስንት ነጥብ አገኛለሁ?»

2011 ዓ.ም. ሰኔ ላይ የ8 ዓመት ልጄን ይዤ ከሲያትል ደምበጫ፣ እናቴ ቤት ገባሁ። ጎጃምን ሲያይ የመጀመሪያው ነው።

በሦስተኛው ቀን ከጎረቤት ልጅ ጋር ቦኖ ወርዶ ውሃ ቀዳ። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን በሁለት እጁ አንጠልጥሎ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሶ ግቢ ገባ። ጀሪካኑን አስቀመጠና በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ፦ «ስንት ነጥብ አገኛለሁ?»

እናቴ «ምን አለ?» አለችኝ። ልተረጉምላት አፈርኩ።

ያኔ የሚማርበት ትምህርት ቤት ለመልካም ጠባይ ነጥብ ይሰጣል። ተራ የጠበቀ፣ የወደቀ ወረቀት ያነሣ፣ የሚያለቅስ ጓደኛውን ያባበለ ልጅ ትንሽ ቲኬት ያገኛል። ቲኬቱ ሲጠራቀም በእርሳስ ወይም በላጲስ ይቀየራል። አስተማሪዎቹ ለልጆቹ አስበው እንደሚያደርጉት አውቃለሁ። አንድ ነገርም አደንቅላቸዋለሁ። «ጎበዝ» ብለው ብቻ አያልፉም፤ ልጁ ያደረገውን ነገር ቲኬቱ ላይ ይጽፉለታል። ግን ልጄ ቤት ውስጥ የገዛ ጫማውን ለማንሣትም ዋጋ መጠየቅ ጀምሮ ነበር። ይሄ እንቅልፍ ነሣኝ።

እናቴ ትርጉሙን አልጠበቀችም። ልጁን ሳብ አድርጋ ግንባሩን ሳመችው። «እሰይ የኔ ጌታ! ውሃ ቀድተህ አመጣህልኝ? እደግ ተመንደግ! ክፉ አይንካህ!» ልጄ ግማሹ አልገባውም። ፊቱ ግን በራ። ጀሪካኑን ባዶ አድርጎ እንደገና ወደ ቦኖ ሮጠ።

በኋላ ነገሩ ሲከነክነኝ ሳነብ፣ በ1973 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት አገኘሁ። ሥዕል የሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ላይ የተሠራ ነው። አንዳንዶቹ «ከሣላችሁ ሰርተፊኬት ትሸለማላችሁ» ተባሉ። ሌሎቹ ምንም ሳይነገራቸው ሥለው ሲጨርሱ ተሸለሙ። ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲታዩ፣ አስቀድሞ ቃል የተገባላቸው ልጆች በሥዕል ያሳለፉት ጊዜ ከሌሎቹ ግማሽ ያህል ብቻ ነበር። ሳያስቡት የተሸለሙት ግን ፍቅራቸው አልቀነሰም።

የእናቴ ምርቃት ትዝ አለኝ። ማንም «ውሃ ካመጣህ እመርቅሃለሁ» አይልም። ምርቃት ሥራው ካለቀ በኋላ፣ ያውም የተሠራውን ነገር ስሙን ጠርቶ ነው የሚመጣው።

ትምህርት ቤቶቻችን ግን ይህን ከቤት አልወሰዱትም። እኔ ስማር ካርዳችን ላይ «ጠባይ» የሚል መስመር ነበር። አንድ ፊደል ይጻፍበታል፣ አለቀ። ሰኔ 30 ከሰልፉ ፊት ወጥተው የሚጨበጨብላቸው ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ናቸው። አንድ ዓመት ሙሉ ዓይኗ የማያይ ጓደኛችንን እጇን ይዛ ያመላለሰች ልጅ ነበረች። ስሟን የጠራ አስተማሪ አልነበረም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ደምበጫ በነበርንበት በ2011 ሰኔ 30፣ የእናቴ ጎረቤት ልጅ ካርዷን ይዛ እያለቀሰች መጣች። 4ኛ ክፍል፣ ከ58 ተማሪ 19ኛ። ልጄ ካርዷን ገልብጦ አየና «ይሄ ኤ ምንድን ነው?» አለ። ጠባይ ነው አልኩት። «ምን አድርጋ ነው?» ካርዱ ላይ መልስ የለም።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ መልሱን የሰጠችው ግን እሷ ናት። «እሱንማ እኔ ልንገርህ። ወገቤን አሞኝ ስተኛ ሦስት ቀን ውሃ የቀዳችልኝ እሷ ናት። ባለሱቁ ተሳስቶ 10 ብር አብልጦ ቢመልስላት፣ በዝናብ ተመልሳ የሰጠችው እሷ ናት።» ልጅቷ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «እማማ፣ እሱን ማን ነገረዎት?» አለች። የምታፍር መስላ፣ ግን ፈገግ ብላ።

ጎጃም ያላችሁ የአንደኛ ደረጃ መምህራን፣ ክፍሉ ምን ያህል እንደሚጨናነቅ አይቻለሁ። በዓመት አንዴ፣ ከዚያች ፊደል አጠገብ አንድ መስመር ብትጽፉላቸው ግን ምን አለበት? «የተገኘ ብዕር ለባለቤቱ መለሰ» ብላችሁ። ወላጅ ማንበብ ባይችል ልጁ ያነብለታል።

ሲያትል ከተመለስን በኋላም ልጄ ቲኬት ይዞ ይመጣ ነበር። ስንት ደረሰልህ ብዬ አልጠይቀውም ነበር። «ምን አድርገህ ነው?» እለው ነበር። ሲነግረኝ እንደ እናቴ ግንባሩን ስሜ እመርቀው ነበር። ቲኬቱን ብዙ ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ይረሳው ነበር።